ያላየሁት ስድስት ጎራሽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1968

የገበያ ቀን። የጅማው ሄርማታ ገበያ ሰው በሰው ሆኗል። አራት የእጅ ሰዓት፣ አንድ የጠረጴዛ ደወል ተቀበልኩ። አንዱ ሰዓቱን ከነሱሪው አጥቦ አምጥቶ "ዝም ብሎ ቆመ" ይለኛል። ዝም ብሎ የሚቆም ሰዓት የለም! ስንቴ ልናገር?

ከቀትር በኋላ የኮሌጅ መምህር ነኝ ያለ ሰው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። "የድሮ ሽጉጥ የሚያውቀው አንተ ነህ አሉኝ።" ከፈትኩት። ስድስት ጎራሽ፣ ቤልጅግ ሥሪት። ጎኑ ላይ የአንድ ደጃዝማች ስም ተቀርጿል። ዝገቱ ያምራል... በጣም ያምራል። አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። የፊደሉ ጠርዝ ጣት ይቆርጣል። ሰማንያ ዓመት በሰው ወገብ ላይ የተሻሸ ፊደል ጣት ይቆርጣል? የአጋሮው ሸኩር ሥራ ነው። ይህ ቀጣፊ ዛሬም አላረፈም! ተራ ብረት ላይ የሞተ ሰው ስም ይቀርጽና በበሰበሰ የቡና ልጣጭ ውስጥ ቀብሮ ያስረጀዋል። ከዚያ "የአያቴ ነው" እያለ ይሸጣል።

"ውሸት ነው" አልኩት መምህሩን። ጭራሽ እኔ ላይ ተቆጣ። ብረቱን ጠቅልሎ ሄደ።

እራት ላይ ስበግን ፈድሊያ፣ "ለሰው ሽጉጥ የምትናደደውን ያህል ለጣሪያችን ብትናደድ ኖሮ እስካሁን ይጠገን ነበር" አለች። ሚስቴ ልክ ናት። ግን ሸኩርን ባገኘው...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

የከፍተኛችን አዲሱ ጸሐፊ ወልደሰማያት ሰዓቱን ሊያሠራ መጣ። አስተማሪ ነበር፤ አነጋገሩ የሰለጠነ ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ስድስት ሽጉጦች አየ። መርፌያቸው የወጣ፣ የማይተኩሱ። "ይሄ እኮ የሕዝብ ታሪክ ነው!" አለ። የእያንዳንዱን ጽሑፍ አነበብኩለት። ማን ለማን እንደሸለመው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እንደዞረ ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ሽጉጥ መሰብሰብ ከጀመርኩ በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም።

ከዚያ መዝገቤን አወጣሁለት። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ገራ ጽሑፍ ያለበት የድሮ የጦር ሽጉጥ ያለበትን ቤት ሁሉ የጻፍኩበት። ባለቤቱ፣ ሥሪቱ፣ የተቀረጸበት ቃል፣ እንዴት እንደደረሰው። በዓይኔ ካየሁት አጠገብ "አየሁ"፣ ከወሬ ካገኘሁት አጠገብ "ሰማሁ" ተብሎ ተጽፏል። "ለሙዚየም የሚሆን ነው። ለአንድ ሳምንት አውሰኝ" አለኝ። ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሳምንቱ ሞላ። መዝገቡ አልተመለሰም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ስድስቱንም ወሰዷቸው። ከከፍተኛው የመጡ ሁለት ጠባቂና አንድ ወረቀት። "አይተኩሱም እኮ!" አልኩ። "መሣሪያ መሣሪያ ነው።" ወረቀቱ ላይ የጻፉት "ልዩ ልዩ አሮጌ ሽጉጥ፣ ብዛት 6" ብቻ ነው። ልዩ ልዩ! የአንዱን ታሪክ ለመከተል ብቻ ሦስት ጊዜ ሊሙ ወርጃለሁ። ግድግዳው ላይ ስድስት ሚስማር ቀረ።

ሰባተኛውን አላገኙትም። በማይሠራው ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ውስጥ ነው፣ ከዚህ ደብተር ጋር። እሱን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። መዝገቡ ላይም የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ!

ዛሬ ገበያው መሀል በድምፅ ማጉያ ስም ጠሩ። "የሚከተሉት ግለሰቦች በእጃቸው ያለውን ሽጉጥ ባስቸኳይ..." ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ጆሮዬ ጋለ። የመዝገቤ ቅደም ተከተል ነው። እኔ በጻፍኩት ተራ፣ እኔ በጻፍኩት ቃል። "ፈረንሳይ ሥሪት፣ እጀታው የተሰነጠቀ" ሳይቀር። የስንቱን ቡና ጠጥቼ፣ ስንቱን ሽማግሌ አጫውቼ የሰበሰብኩት ነው። አሁን የተላክሁ ጆሮ ጠቢ መሰልኩ። ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጩ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን አዞረ።

አጋሮ ላይ ቀደም ብሎ ሦስት ሰው አስረክቧል አሉ። ጅሬን ላይ ግን ኦቦ ፈየራን ከማክሰኞ ጀምሮ አስረዋል። ቡና መዛኙን።

እኔና ኦቦ ፈየራ አንዋደድም። አባቱ የተሸለመውን ስድስት ጎራሽ አሳየኝ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ለምኜዋለሁ። ሠርግ በመጣ ቁጥር በቆዳ አፎት ታጥቆ ይወጣል፣ ያወራል፣ ይፎክራል። "በግራ ጎኑ በዓረብኛ ፊደል የአባቴ የፈረስ ስም አለ፣ አባ ቦሩ ይላል። አንተ ግን ሰዓት ሠሪ ነህ፣ ምኑን ታውቀዋለህ?" በሰው ፊት ያዋርደኛል። ቢሆንም... አሁን አስረክቦ ይውጣ እንጂ ምን ይጠብቃል ይሄ ግትር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

ሚስቱ አዴ ሶረቲ ሱቅ መጡ። አልተቀመጡም።

"ያ ቲጃኒ፣ ማሎ፣ በአላህ፣ ምን አድርገንህ ነው?"

"አዴ፣ ሽጉጡን ይስጧቸውና ይገላገሉ" አልኩ።

"የትኛውን ሽጉጥ?"

"ኦቦ በሠርግ የሚታጠቁትን" አልኩ።

"ሽጉጥ የለም እኮ! የአባቱን ሽጉጥ ጣሊያን ወስዶታል። አፎቱ ውስጥ ያለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። እጀታውን ከወይራ ጠርቦ ጫፉ ላይ ሰካው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እኔም ሽጉጥ አላየሁም።"

ቆረቆንዳ!

ሁለት ቀን ሙሉ አልናገርም ብሎ ተገርፏል። ከዱላው ይልቅ የሚያፍረው በቆረቆንዳው ነው። በሦስተኛው ቀን እውነቱን ሲናገር ሳቁበት፣ ግርፋቱም ባሰ። ምክንያቱም መዝገቡ "አየሁ" ይላል።

አላየሁም። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የት እጽፈዋለሁ? አንድ ሠርግ ላይ እጀታው ከአፎቱ ብቅ ብሎ አየሁ። አንድ ቡና ነጋዴ "አንተ ይህን ሽጉጥ አይተኸው ታውቃለህ?" ሲለኝ አፈርኩና "እንዴታ!" አልኩ። በማግስቱ መዝገቤ ላይ "አየሁ" ብዬ ጻፍኩ። በጠቅላላው መዝገብ ውስጥ አንድ ውሸት ብቻ ነው ያለው። አንዲት ቃል። የወይራ እጀታ አይቼ... እኔ ነኝ ደግሞ ሸኩርን ቀጣፊ የምል!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28

ወልደሰማያት ዘንድ ሄድኩ። "ስህተት አለበት፣ የኦቦ ፈየራን ሽጉጥ አላየሁትም" አልኩት።

መዝገቤን ከመሳቢያ አወጣ። ጫፉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አትሞበታል። መዝገቤ ላይ!

"ይህ የአንተ ጽሕፈት አይደለም?"

"ነው፣ ግን..."

"የአንተ ስድስቱ ልክ ነበሩ። የአጋሮዎቹ ሦስቱም ልክ ነበሩ። ፈየራ ጋ ሲደርስ ተሳሳትክ? ዘመድህ ነው?"

"አይደለም፣ እንዲያውም..."

"እንግዲያው ለአድኃሪ ጥብቅና አትቁም። ሽጉጡን ያምጣ፣ በዚያው ቀን ይወጣል። እስከ ኅዳር 10 ካላመጣ ወደ ጦር ፍርድ ቤት ይላካል። መሣሪያ የደበቀ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አንተም ታውቃለህ።"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰዓቱን አየ። እኔ የጠገንኩለትን ሰዓት። ደቂቃ አያዛንፍም። ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ኦቦ ፈየራን አየሁት። ግቢው ውስጥ በጉልበቱ እየሄደ ነው። ውስጥ እግሩ አያስረግጠውም።

እሁድ፣ ጥቅምት 29

ፈድሊያ ምን ሆንክ ብላ ጠየቀችኝ፣ ጮህኩባት። አስተግፊሩላህ። በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። አሰበችና፣ "የሌለ ሽጉጥ ነው የሚፈልጉት። ካልተገኘ ሰውየው ይሞታል። አንተ ደግሞ ስም ትቀርጻለህ" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለህ።"

የሰዓቱን ሆድ ከፍቼ ሰባተኛውን አወጣሁ። የፈረንሳይ መኮንኖች ስድስት ጎራሽ። አፈሙዙ ላይ የፋብሪካው ስምና 1877 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለ። ጥይት ማጉረሻው ዙሪያውን የወይን ቅጠል ተቀርጾበታል፣ የቅጠሉ ደም ሥር እንኳ ይታያል። በጂቡቲ ወርዶ፣ ጎሬ ላይ በነጋዴ እጅ ገብቶ፣ ሊሙ ላይ ለሙሽራ በጥሎሽ ተሰጥቶ... ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ግራ ጎኑ ባዶ ነው። ንጹሕ። መኮንኑ ስሙን ሳያስጽፍ የቀረበት ቦታ።

እዚያ ላይ ውሸት ልጽፍ ነው? እኔ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1

አጋሮ ደርሼ መጣሁ። ሽጉጡን አልያዝኩም፣ ኬላው ላይ ኪስ ሳይቀር ይፈትሻሉ። የያዝኩት ፊደሉን የነደፍኩበትን ወረቀት ብቻ ነው።

ሸኩር በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ይለቅማል። ሲያየኝ፣ "ሱብሃነላህ! ቲጃኒ ሰዓት ሠሪው! ልትሰድበኝ ነው አጋሮ ድረስ የመጣኸው?" አለ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አየው። አገላበጠው። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። የኦቦ ፈየራ መታሰር አጋሮም ተሰምቷል።

"በጣም ያምራል" አለ።

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን፣ ውሸት ነው! የድሮ ብር አንጥረኛ እያየ ነው የሚገለብጠው፣ ብረቱን በጉልበቱ ይዞ። መስመሩን ወደ ታች አዘንብለው። መጨረሻ ላይ ቦታ ይጠርብህና ፊደሉን አጨናንቀው። ከዚያ ጠርዙን አንድ ሙሉ ቀን በቆዳ እሸው።" ሳቀ። "በጠርዙ አይደል ሁልጊዜ የምትይዘኝ?"

ስለ ልጣጩም ነገረኝ። ከቡና መፈልፈያው በወጣ በማግስቱ፣ መሽተት ሲጀምር። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሦስት ቀን። አራተኛ ቀን ካደረ ፊደሉን ይበላዋል። ሲጨርስ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "እውነቱን ንገረኝ፣ ሥራው ደስ አይልም?" አለኝ። በጥፊ ልለው ነበር። እጄን ጨብጬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

የገበያ ቀን ሱቅ ዘጋሁ። በሩ ላይ "ታምሜአለሁ" ብዬ ለጠፍኩ።

በዓረብኛ ፊደል ቀረጽኩት። "ባለቤቱ አባ ቦሩ።" መጀመሪያ መቅረጫውን ብረቱ ላይ ሳሳርፍ እጄ እምቢ አለ። ሃያ ዓመት የሠርግ ቀለበትና የዋንጫ ስም ስቀርጽ አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ የማያውቅ እጅ! ጥሩ፣ ተንቀጥቀጥ አልኩት። ሸኩርም ይህንኑ ነው የፈለገው። መስመሩ አዘነበለ፣ መጨረሻው ተጨናነቀ። ስጨርስ አየሁት። እውነት ይመስላል። እኔም ብሆን አምን ነበር! መቅረጫዬን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ጫፉ ተሰበረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 4

ሌሊቱንና ጠዋቱን በቆዳ ሳሽ አረፈድኩ። ከጁምዓ በኋላ ፈድሊያ አስጠርታቸው አዴ ሶረቲ መጡ፣ ሽጉጡን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ቅርጫት ውስጥ ከተው ይዘውት ሄዱ። ጓሯቸው የልጣጭ ክምር አለ። ሲወጡ "አላህ ይስጥህ" አሉኝ። እኔን!

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ሦስት ቀን ሞላው። ጅሬን ወጣሁ። ከልጣጩ ውስጥ አወጣነው፣ እጃችን ሸተተ። በአመድ አጠብኩት። የወይን ቅጠሉ ግማሹ ተበልቷል። ደም ሥሩ አይታይም። መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሥራ እኔ በሦስት ቀን ቦረቦርኩት። "አባ ቦሩ" ግን ልክ ሆኗል... ልክ ነው፣ የተረገመው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

አዴ ሶረቲ ትናንት "ቡና ሥር ቀብሮት ነበር፣ ቆፍሬ አገኘሁት" ብለው አስረከቡ። ዛሬ ኦቦ ፈየራ ወጣ። አልሐምዱሊላህ። በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው፣ ግን ወጣ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም!

ኦቦ ፈየራ በበትር እየተደገፈ ሱቄ ገባ። ደንበኞች አሉ። ከመቀመጡ፣ "አየኸው?" አለ።

"ምኑን?"

"የአባቴን ሽጉጥ ነዋ! ጸሐፊው ራሱ አሳየኝ። 'ባለቤቱ አባ ቦሩ' ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላመንከኝም። አሁንስ?"

ደሜ ፈላ። ቆረቆንዳ! ልለው አፌን ከፈትኩ። የኔን ስድስት ዓመት፣ የኔን የወይን ቅጠል... ከዚያ ዓይኑን አየሁ። ቀልዱን አይደለም። ያ ብረት እውነት የአባቱ እንደሆነ አምኗል፣ ወይም ሊያምን ወስኗል። እግሩ በጨርቅ እንደታሰረ ነው።

"አየሁት ኦቦ። እርስዎ ልክ ነበሩ" አልኩ። በሰው ፊት።

ደስ ብሎት ሄደ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ወልደሰማያት አስጠራኝ። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ወረቀት እንዳይበተን ጭኖበታል።

"አላልኩህም? መዝገብህ አይሳሳትም" አለ። "የቀሩ አሥራ አንድ ስሞች አሉ። ገጠር ያሉ። ሽጉጦቹ አሁን የት እንዳሉ አጣርተህ መዝገቡን አድስልኝ። ደብዳቤ እሰጥሃለሁ። እያንዳንዱን ቤት ከምናስፈትሽ አንተ የምትለውን እናምናለን።"

ለካ የሠራሁት ይህን ነው። አንዱን ውሸት እውነት ሳደርግ ሌላውን ስም ሁሉ እውነት ነው ብዬ አተምኩበት። አሥራ አንድ ሰው! እምቢ ልለው ነበር። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይልካል፣ ያም ሰው በዱላ ነው የሚያጣራው። መዝገቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

የምትለውን እናምናለን አለ... እስኪ እናያለን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24

አሥር ቀን ዞርኩ። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ። የቤቱን ባለቤት ለብቻው እጠራለሁ፣ "ለእኔ እንዳታሳዩኝ፣ የት እንዳለም እንዳትነግሩኝ፣ ግን ከቤት ይውጣ" እላለሁ። አንዱ የሰቃ ሽማግሌ ሊያወጣልኝ ወደ ጓዳ ሲነሳ እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ያን ሽጉጥ ለማየት አራት ዓመት ተመላልሻለሁ! ሌላው ስድብ አወረደብኝ። ይገባኛል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ከዚያ ባሰ እሳደብ ነበር።

ገራ አልደረስኩም፣ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። የገራዋ ዙቤይዳ ብቻ ቀሩ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 25

ጻፍኩ። በራሴ ጽሕፈት፣ ረጋ ብዬ። የሰቃው በጣሊያን ጊዜ ተወስዷል። የሊሙው ለግሪክ ቡና ነጋዴ ተሸጦ ከአገር ወጥቷል። ሌላው ጊቤን ሲሻገር ከባለቤቱ ጋር ሰጥሟል። ቀኑን ጨመርኩ፣ የምስክር ስም ጨመርኩ፣ የሞቱ ሰዎችን ምስክር አደረግሁ። ዙቤይዳን ሳላያቸው "የባለቤታቸው ሽጉጥ ከባለቤታቸው ጋር ተቀብሯል" አልኩ። አንዱም ስም ባዶ አልቀረም።

እውነተኛው ታሪካቸው ሌላ ቦታ አልተጻፈም። አሁን የተጻፈው ይህ ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ሞኝ መዝገቡን አግኝቶ "ምን ያለ ጠንቃቃ ሰው ነበር" ይለኝ ይሆናል። ይበለኝ!

ሰኞ፣ ኅዳር 28

ወልደሰማያት ገጽ በገጽ አነበበ። "ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ?" አለ። "ሥራዬ ነው" አልኩት። ፈረመበት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

አንድ የከፍተኛው ጠባቂ ሰዓቱ እስኪያልቅለት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አንዲት አሮጊት ገቡ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ፣ ነጠላቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አንድ ነገር አቅፈዋል።

"ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሽጉጥ የሚያነበው አንተ ነህ? እኔ ዙቤይዳ ነኝ፣ ከገራ። ሰው ስትጠይቅ ነበር አሉኝ፣ እኔ ዘንድ ሳትመጣ ቀረህ።"

ጠባቂው ቀና አለ።

"ባለቤቴ ሲሞት 'ያስጻፍኩት ላንቺ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ አስነብቢ' ብሎኝ ነበር። እኔ ፊደል የለኝም። ሦስት ቀን በእግሬ..." እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰደዱ። ጥቁር እጀታ፣ ከእጀታው በላይ የብር ጽሑፍ ጫፍ...

"እማማ፣ ተሳስተዋል!" ብዬ ጮህኩ። ተነስቼ በእሳቸውና በጠባቂው መሀል ቆምኩ። ዓይኔን ጣሪያው ላይ አደረግሁ። "እዚህ ሰዓት ነው የሚሠራው! ለዓይን የሚሆን መድኃኒት ከሆነ ሐኪም ቤት ይሂዱ!"

"ኧረ እኔ የዓይን..."

"ይሂዱ አልኩ እኮ! ሥራ አያስፈቱኝ!"

ነጠላቸውን ሰበሰቡ። በር ላይ ቆመው፣ "ጥሩ ሰው ነው ብለውኝ ነበር" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ጠባቂው ሳቀ። "አሮጊቶች!" አለ። "አዎ" አልኩ። ሰዓቱን ጨርሼ ሰጠሁት።

ፈድሊያን በጓሮ በር ላክሁ፣ ደርሳ ወደ አገራቸው በሚሄድ መኪና አሳፈረቻቸው። አላናገሯትም።

ባለቤታቸው ምን ብለው አስጽፈውላቸው ይሆን? ሁለት ቃል ነበር... ሦስት ይሆናል። ማየት እችል ነበር።